ዓድዋን በሮማ፣ ውጫሌን በሐይቅ

ብሔራዊ በዓል የአንድ ሕዝብ የትግል ታሪክ በዓመት አንድ ጊዜ ከትውልድ ወደ ትውልድ ርክክብ የሚደረግበት ዕለት ነው። ሰንደቅ ዓላማ የሚሰቀለው፣ ነጋሪት የሚጎሰመው፣ ፉከራና ሽለላው የሚያስተጋባው ያለፈውን ድል ለማሞገስ ብቻ አይደለም። ያ ድል ለምን እንዳስፈለገና እንዴት እንደተገኘ ከነምክንያቱ ለተከታዩ ትውልድ ለማስረከብ ጭምር ነው። ይህ ርክክብ የተጓደለ እንደሆነ በዓሉ ሥራ የሚፈታበትና ነጭ የሚለበስበት ቀን ከመሆን አያልፍም። በአገር ቤት ለሚኖር ሰው ይህን ጉድለት ማየት ያዳግተዋል፤ ጎዳናው፣ ራዲዮኑ፣ ትምህርት ቤቱና ጎረቤቱ ሁሉ ቀኑን ስለሚያስታውሱት ሳያስብ ያከብራል። በባዕድ አገር ግን ቀኑን የሚያስታውስ ጎዳና የለም። በዓሉን የሚያውቀውና በልማድ ብቻ የሚያከብረው የሚለዩት እዚያ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ይህን ሐቅ የተረዳው ለትምህርት በኢጣሊያ በነበረበት ጊዜ፣ በየካቲት 2010 ዓ.ም. በሮማ ከተማ ነው። የተረዳውም በራሱ ድካም ነው። ስለሆነም ከዚህ በታች የሚነበበው ትዝታ ብቻ ሳይሆን ግለ ሂስም መሆኑን አንባቢ እንዲገነዘብ ያስፈልጋል።

የባዕድ ጎዳና የሚናገረው

ሮማ ለኢትዮጵያዊ እንደ ሌላው የአውሮፓ ከተማ አይደለችም። ከዋናው የባቡር ጣቢያ ከቴርሚኒ በር ላይ ያለው ሰፊ አደባባይ ለረጅም ዘመን «ፒያሳ ዴይ ቺንኴቸንቶ» ማለትም «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ተብሎ ሲጠራ ኖሯል። አምስት መቶዎቹ የተባሉት በጥር 1879 ዓ.ም. በዶጋሊ ራስ አሉላ የደመሰሱት ጦር ወታደሮች ናቸው። ከጣቢያው ብዙም ሳይርቅ ለእነዚሁ ሙታን መታሰቢያ የቆመ የግብፅ ሐውልት ይታያል። በፋሽስት ወረራ ዘመን ከአዲስ አበባ ተዘርፎ የተወሰደው የይሁዳ አንበሳ ሐውልትም የቆመው በዚሁ ሥፍራ ነበር። ወጣቱ ዘርዓይ ደረስ በሰኔ 1930 ዓ.ም. ሰይፉን የመዘዘው በዚያ አንበሳ አጠገብ ነው። በዚያው በኢጣሊያ ምድር እንደተያዘ በ1937 ዓ.ም. አገሩን ዳግመኛ ሳያይ ሞተ።

ራቅ ብሎ በፖርታ ካፔና ደግሞ የአክሱም ሐውልት ከ1930 ዓ.ም. ጀምሮ ቆሞ ነበር። ወደ ባለቤቱ የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ሲሆን፣ በአክሱም እንደገና የተተከለው በ2000 ዓ.ም. ነው። በከተማዋ ሰሜናዊ ክፍል ሰዎች ሳያስተውሉት የሚመላለሱባቸው «የኢትዮጵያ ጎዳና»፣ «የኤርትራ ጎዳና»፣ «የሊቢያ ጎዳና» የተባሉ መንገዶች አሉ። «አምባ አራዳም» የተባለ መንገድም አለ። በ1928 ዓ.ም. በአምባ አራዳም ላይ የመርዝ ጋዝ የወረደባቸውን ወገኖቻችንን የሚያውቅ እግረኛ ጥቂት ቢሆንም፣ ስሙ ግን በኢጣሊያውያን አንደበት ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። ብዙዎች እንደሚሉት ዛሬ ሮማዊው ዝብርቅርቅ ያለ ነገር ሲያይ «አምባራዳን» የሚለው ከዚሁ ተራራ ስም በመነሳት ነው።

እንግዲህ ቅኝ ገዢው ወገን ሽንፈቱንም ወረራውንም በራሱ ቋንቋ ሰይሞ በየአደባባዩ ጽፎታል። የካቲት 23 ሲደርስ ኢትዮጵያዊው ስደተኛ የሚያልፈው በዚህ ጽሑፍ መካከል ነው።

በእሑድ የተከበረው ዓርብ

በ2010 ዓ.ም. የካቲት 23 ቀን ዓርብ ዋለ። በሮማ ብርቅ የሆነ በረዶ የጣለው በዚያው ሳምንት ሰኞ ዕለት ስለነበረ ብርዱ ገና አልለቀቀም። ዓርብ የሥራ ቀን ነው። በከተማይቱ ከሚኖሩት ወገኖቻችን ብዙዎቹ በሰው ቤት አዛውንት የሚጦሩ፣ ሕፃናት የሚያሳድጉ፣ ምግብ ቤት የሚያጥቡ፣ ሸቀጥ የሚያራግፉ ሠርቶ አደሮች ናቸው። ቤት ሠራተኞቹ ለራሳቸው የሚሆኑት ሐሙስ ከሰዓት በኋላና እሑድ ነው። ስለዚህ ዓርብ የዋለው በዓል እሑድ የካቲት 25 ቀን እንዲከበር ተወሰነ። አንድ አረጋዊ በስብሰባው ላይ «ግድ የለም፣ ዓድዋም የተዋጉት እሑድ ነው» ሲሉ ሁሉም ሳቀ። እውነትም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. እሑድ ነበር።

በዚያው እሑድ ኢጣሊያውያን አጠቃላይ ምርጫ ያካሂዱ ስለነበረ መንገዱ በፖለቲካ ድርጅቶች ሥዕልና መፈክር ተሸፍኖ ነበር። ከመፈክሮቹም ጥቂት የማይባሉት ስደተኛን የሚመለከቱ ናቸው። ከአገር ቤት የሚመጣውም ወሬ ልብ የሚያሳርፍ አልነበረም፤ በዚያ ወር ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከሥልጣን ለመልቀቅ ጠይቀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ነበር። በአዳራሹ የተሰበሰበው ሰው በብዙ ነገር የማይስማማ ነበር። በየካቲት 23 ግን ተስማምቶ መጣ።

ወቅቱ ዐቢይ ጾም በመሆኑ የቀረበው ሽሮ፣ ምስር፣ አዚፋና ጎመን ነበር። ክርስቲያኑም እስላሙም ከአንድ መሶብ ተቋደሰ። አንዱ ክራር አነሣና በአምባሰል ቅኝት ይደረድር ጀመር። የወሎ ልጅ የሆነ ሁሉ አንገቱን ደፋ። እኔም የሐይቅ ተወላጅ ነኝና ዜማው ስሙን ከተራራችን መያዙን በማሰብ ኩራት ተሰማኝ። ብዙም ሳይቆይ ይህ ኩራት ባዶ መሆኑን አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አሳየኝ።

ልጁ ተወልዶ ያደገው በሮማ ነው። አማርኛ ይሰማል፤ ሲናገር ግን ይኮላተፋል፤ ፊደል አይለይም። አዳራሹ ሲጨፍር እርሱ ከጥግ ተቀምጦ በስልኩ የውጫሌን ውል በኢጣሊያንኛ ያነብ ነበር። ወደ እኔ ቀረበና፦

«ጋሼ፣ አንቀጽ አሥራ ሰባት ላይ ንጉሡ ተስማምተዋል ነው የሚለው። ተስማምተው ከነበረ ለምን ተዋጉ?» ሲል ጠየቀኝ።

እኔም ዘወትር እንደምንለው «የለም፣ ኢጣሊያንኛው ‹ግዴታ አለባቸው› ስለሚል ነው» ብዬ መለስኩ።

«የቱ ላይ?» አለና ስልኩን ሰጠኝ። አነበብኩ። «ግዴታ» የሚል ቃል አልነበረም። ያለው ቃል «ኮንሴንቴ» ነው፤ ይስማማሉ፣ ይፈቅዳሉ ማለት ነው። ልጁ ትክክል ነበር።

«አማርኛውስ ምን ይላል?»

«‹ይቻላቸዋል› ይላል።»

«‹ይቻላቸዋል› ማለት ምንድን ነው፣ ጋሼ?»

ቃሏን ተረጎምኩለት። የአንቀጹን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ግን አላውቀውም ነበር። ውሉ ከተፈረመበት ሥፍራ ጥቂት ራቅ ብዬ ተወልጄ፣ ለከፍተኛ ትምህርት ባሕር ተሻግሬ፣ የካቲት 23ን በየዓመቱ በሆታ አክብሬ፣ ጦርነቱ የተነሳበትን አንቀጽ አንድም ቀን ከዳር እስከ ዳር አላነበብኩትም። «ግዴታ» የሚለውንም ከሰው አፍ ሰምቼ ስደግመው ኖሬያለሁ። ልጁ ፊት ዝም አልኩ።

ከአጠገባችን የተቀመጡት እትዬ የሐይቅ ሰው ናቸው። በሮማ አንድ አዛውንት እየጦሩ ብዙ ዘመን ኖረዋል። «እኔ እንኳ ውጫሌ ገበያ ስንቴ ወጥቻለሁ መሰለህ» አሉኝ፤ «ወረቀት ተፈራርመውበታል ሲሉ እሰማለሁ እንጂ፣ ምን ተብሎ እንደተጻፈ የነገረኝ ሰው የለም።» ከዚያም ወደ ልጁ ዞር ብለው እንዲህ አስረዱት፦

«ልጄ፣ የማድርበት ቤት እመቤት ‹ፖስታ ቤት ስሄድ፣ ከፈለግሽ ደብዳቤሽን አደርስልሻለሁ› አለችኝ እንበል። እኔም እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ አልኩ። በነጋታው ደግሞ ለጎረቤቱ ሁሉ ‹ከእንግዲህ ይህች ሴት በእኔ በኩል ካልሆነ ለማንም አትጽፍም፤ ራሷ ተስማምታለች፤ ደብዳቤ ብታመጣላችሁ አትቀበሏት› ብላ አወጀች። ታዲያ እኔ የተስማማሁት ለዚህ ነው?»

ልጁ ጥቂት አሰበና «ገባኝ፤ ያልተናገሩትን ተናግረዋል አለችባቸው» አለ።

አንድ ምሁር ነኝ ባይ ሊያስረዳ ያልቻለውን አንዲት ሠርቶ አደር ከዕለት ኑሮዋ ተነስታ አስረዳች። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሐቁን ሳይመረምሩ መፈክር መድገም በልጅ ጥያቄ ይፈርሳል። ሁለተኛ፣ የአንድ ውል እውነተኛ ትርጉም የሚገለጠው በወረቀቱ ላይ ባለው ቃል ብቻ ሳይሆን፣ ኃይል ያለው ወገን ቃሉን በሚጠቀምበት መንገድ ነው።

ከውጫሌ እስከ ዓድዋ

ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። የውጫሌ ውል በንጉሥ ምኒልክና በኢጣሊያው መልእክተኛ በኮንት ፒዬትሮ አንቶኔሊ መካከል የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በአምባሰል፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ሥፍራ ነው። አፄ ዮሐንስ በመተማ ከወደቁ ገና ሁለት ወር አልሞላም ነበር። አገሪቱ የንጉሠ ነገሥት ለውጥ ላይ ነበረች፤ የከብት እልቂቱም በሬውን እየፈጀ ሕዝቡን ወደ ክፉ ቀን ይወስደው ነበር። ውሉ ሃያ አንቀጾች የያዘ ሲሆን በሁለት ቋንቋ ተጻፈ። አንቀጽ 17 በአማርኛው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች የአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ ይቻላቸዋል ይላል። መብት ነው፤ ቢፈልጉ ይጠቀሙበታል፣ ባይፈልጉ ይተዉታል። ኢጣሊያንኛው ግን በኢጣሊያ መንግሥት ለመጠቀም ይስማማሉ ይላል። ምርጫው እዚህ ላይ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ የሆነው የቃሉን ዓላማ ገለጠው። የኢጣሊያ መንግሥት በጥቅምት 1882 ዓ.ም. የበርሊኑን ስምምነት አንቀጽ 34 ጠቅሶ፣ ኢትዮጵያ በጥበቃው ሥር መሆኗን ለአውሮፓ ኃያላን አስታወቀ። አፄ ምኒልክ የዘውድ በዓላቸውን ለነገሥታቱ በደብዳቤ ሲያስታውቁ፣ ከእንግሊዝና ከጀርመን የመጣው መልስ በኢጣሊያ በኩል መጻጻፍ እንደሚገባቸው የሚያሳስብ ሆነ። ተንኮሉ በገሃድ የታወቀው ያን ጊዜ ነው። በዚያው ዓመት በደጃዝማች መኮንን የተመራው መልእክተኛ ቡድን በኢጣሊያ ተጨማሪ ውል ፈርሞ፣ የሐረርን ጉምሩክ መያዣ ያደረገ የአራት ሚሊዮን ሊሬ ብድር ተቀብሎ ነበር። ብድር፣ ውልና ወዳጅነት በአንድነት መጡ። ልብ ሊባል የሚገባው ጉዳይ ይህ ነው፦ ቅኝ አገዛዝ ሁልጊዜ «ግዴታ አለብህ» እያለ አይመጣም። ብዙውን ጊዜ የሚመጣው «ተስማምተሃል» እያለ ነው።

አንቶኔሊ ተመልሶ ቢከራከርም ቤተ መንግሥቱ አልተበገረለትም። እቴጌ ጣይቱ በዚህ ክርክር የነበራቸው ጽናት የታወቀ ነው። በየካቲት 1885 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ውሉን የማያጸኑት መሆኑን ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቁ። በመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ ሲነገር የሸዋ ጦር እንዲሰበሰብ የታዘዘው በወሎ ምድር፣ በወረኢሉ ነው። ከአምባላጌ፣ ከመቀሌ ከበባ በኋላ የካቲት 23 ዓድዋ ላይ የሆነውን ሁሉም ያውቃል። የራስ ሚካኤል የወሎ ፈረሰኛ በዚያ ቀን ከተሰለፉት አንዱ ነበር። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በተፈረመው የአዲስ አበባ ውል ኢጣሊያ የውጫሌን ውል ሽራ የኢትዮጵያን ፍጹም ነፃነት ተቀበለች። በአምባሰል በቀለም የተጀመረው ጠብ በዓድዋ በደም ተፈርዶ በአዲስ አበባ በቀለም ተዘጋ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይነሣ መታለፍ የለበትም። በሮማ ስንኖር ያየነው ሕዝብና አፄ ምኒልክ የተዋጉት መንግሥት አንድ አይደሉም። ከዶጋሊ በኋላ ሶሻሊስቱ የምክር ቤት አባል አንድሬያ ኮስታ ለአፍሪካው ጀብዱ አንድ ሰው፣ አንድ ሳንቲም መስጠት አይገባም ብሎ ተከራክሯል። የዓድዋ ወሬ እንደተሰማ በኢጣሊያ ከተሞች ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ ልጆቻችን ይመለሱ ብሏል፤ «ምኒልክ ለዘላለም ይኑር» ያሉም ነበሩ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሪስፒ ከሥልጣኑ ወረደ። የኢጣሊያ ገበሬ ልጅ ወደ ዓድዋ የዘመተው እርሱ ያላነበበው ውል ተጠቅሶበት ነው። እትዬ የሚጦሩት አዛውንት ልጅ በዚያ ዓርብ ነጠላቸውን አይቶ «ዛሬ ምን በዓል ነው?» ብሎ ጠይቋቸው «ዓድዋ» ሲሉት፣ ዝም ብሎ ቆይቶ ቡና አፍልቶ አቅርቦላቸዋል። ይህን ሲነግሩን ማንም አልሳቀም።

የሐይቅ መጻሕፍት

ትምህርቴን ፈጽሜ እንደተመለስኩ በመጀመሪያ የሄድኩት ወደ ሐይቅ ነው። ሐይቅ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። በዚያው መንገድ ወደ ሰሜን ሲቀጥሉ ውጫሌ ይገኛል። በሐይቁ ውስጥ ገባ ብሎ ያለው፣ ዱሮ ደሴት የነበረው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በአሥራ ሦስተኛው መቶ ዓመት በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን የአገሪቱ ታላቅ የትምህርት ቤት ነበር። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩት በዚያ ነው። የገዳሙ አለቃ «ዐቃቤ ሰዓት» በሚል ማዕረግ በቤተ መንግሥት ትልቅ ሥፍራ ነበረው። ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል እስከ ዘመናችን ተጠብቆ ቆይቷል።

እንደሚታወቀው በአገራችን ጥንታውያን ገዳማት ስጦታና የርስት ጉዳይ በወንጌል ባዶ ገጾች ላይ መጻፍ ልማድ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ወንጌሉ የሚጠበቅ፣ በጉባኤ ፊት የሚነበብና ማንም በሥውር የማይለውጠው መጽሐፍ ነው። አባቶቻችን ውል በሰው ሁሉ ፊት የሚነበብ መሆን እንዳለበት ያውቁ ነበር። በሐይቅ ዳር ቆሜ ያሳሰበኝ ነገር እንዲህ የሚል ነው፦ ለስምንት መቶ ዓመት ያህል መጻሕፍት ሲጠብቅ በኖረው ገዳምና አንዲት ቃል ጦርነት ባስነሣችበት በውጫሌ መካከል ያደግን ልጆች፣ ውሉን ሳናነብ በዓሉን እንዴት አከበርን?

ዛሬም ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ አይደለም። በየዓመቱ ወደ ዓረብ አገሮችና ወደ ሌላም የሚሄዱ እኅቶቻችን በማያነቡት ቋንቋ የተጻፈ የሥራ ውል ይፈርማሉ። «ቢፈልጉ» የተባለው «ተስማምተዋል» ሆኖ የሚያገኙት ከደረሱ በኋላ ነው። ፓስፖርታቸውን አሠሪ የያዘባቸው፣ ደብዳቤያቸውና ስልካቸው በእመቤት ፈቃድ የሆነባቸው ስንቶች ናቸው! የእትዬ ምሳሌ ለልጁ ቶሎ የገባው ስለዚህ ነው፤ አንቀጽ 17 በቤተ መንግሥት ብቻ ሳይሆን በየማድ ቤቱም አለ።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የሠፈር ማኅበራትና የሠራተኛ ማኅበራት የካቲት 23ን ሲያከብሩ ከፉከራው በፊት ሩብ ሰዓት ይበቃል። አንቀጽ 17 በአማርኛ ይነበብ፤ ኢጣሊያንኛው ከነትርጉሙ ይነበብ፤ ልዩነቱን አንድ ወጣት ያስረዳ። በዚያው ጉባኤ ወደ ውጭ ለሥራ የምትሄድ የሠፈሩ ልጅ ብትኖር ውሏ በፊቷ ይነበብላት። በውጭ አገር ያሉ ወገኖችም ለልጆቻቸው ባንዲራና ቲሸርት ከመግዛት ጋር ፊደል ያስቆጥሯቸው። ቋንቋውን የማያነብ ልጅ የአባቶቹን ታሪክ ማግኘት የሚችለው በሌላው ወገን ጽሑፍ ብቻ ነው፤ እዚያ ደግሞ የሚያገኘው «ኮንሴንቴ» የሚለውን ቃል ነው።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በየካቲት 2011 ዓ.ም.፣ በዓሉ ቅዳሜ ዋለ። ከሮማ አንድ የድምፅ መልእክት ደረሰኝ። ልጁ ነው። በአዳራሹ በተሰበሰበው ሰው ፊት አንቀጽ 17ን በመጀመሪያ በኢጣሊያንኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ ያነባል። አማርኛውን ሲያነብ ይንተባተባል፤ ቃላቱን አንድ በአንድ እየነቀሰ ይሄዳል። መጨረሻው ላይ «ይቻላቸዋል» የሚለውን ግን አልተሰናከለበትም። ከኋላው የእትዬ እልልታ ይሰማል።

ከዓድዋ ጀግኖች የተረከብነው አደራ መሬት ብቻ አይደለም፤ ቃልም ነው። ቃሉን አንብበን፣ ተረድተንና ለልጆቻችን አስረድተን ያከበርነው ቀን፣ በሐይቅ ዳርም ይሁን በሮማ አደባባይ፣ በእርግጥ የካቲት 23 ይሆናል።